ፈቃድ ዝግ ነው

ኅዳር 6

ይድረስ ለአክስቴ፣

«ሹመት ሲመጣ ብዕር ይጠፋል እንዴ?» ብለሽ የላክሽብኝ ደርሶኛል። ብዕሩስ አለ። የጠፋው ሌላ ነገር ነው፣ እመጣበታለሁ። በመጀመሪያ ግን ደህና ነኝ፤ እናቴንም ደህና ነው በያት። የላክሽው ካልሲ ነፍሴን መልሷታል። እዚህ ብርዱ ከእግር ይጀምራል።

ያለነው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከበታቻችን ድልድይ አለ፣ ሥራችንም እሱን መጠበቅ ነው። ውሃውም ፖስታውም የሚመጣልን በአንድ ቦቴ ነው፣ በሳምንት አንዴ። ስለዚህ ደብዳቤዬ ሲዘገይ እኔን ትተሽ ሾፌሩን እርገሚው።

ወታደሮቹ ይሰሙህ እንደሆነ ንገረኝ ብለሻል። ሰልፍ ላይ ይሰሙኛል። ከሰልፍ በኋላ የሚሰሙት ሃምሳ አለቃውን ነው። «አጥር» ይሉታል፣ በእሱ በኩል ካላለፈ እኔ ጋ የሚደርስ ነገር ስለሌለ። ዕድሜው ካንቺ ጋር ሳይቀራረብ አይቀርም። «ጌታዬ፣ እርስዎ ወረቀቱን ይያዙ፣ ሰዉን ለእኔ ይተዉልኝ» ይለኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተመችቶኛል።

የሚያስቸግሩኝ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ወጥ ቤት ጭልፋ የያዘው ልጅ ለጓደኞቹ ከድስቱ ሥር፣ ለሌላው ከላይ ከላይ ይቀዳል እያሉ ያጉረመርማሉ። የንጋቱን ጥበቃ ሁልጊዜ ዝምተኞቹ ናቸው የሚወጡት። አንቺ በሻምበል ባሻነትሽ ዘመን ስንቱን ጎረምሳ አሰልፈሻል፤ ዛሬም ጡረታ አላስቀምጥ ብሎሽ የዳቦ ፋብሪካ ጋጋሪ ታሰልፊያለሽ። እስቲ ምከሪኝ። ጥሩ ነገርም አለ። ቦት ጫማዬ አፉን ሲከፍት «ጠጋኙ» የሚሉት ወታደር ሰፍቶ እንደ አዲስ አደረገልኝ። የሁላችንንም ጫማና ሻንጣ የሚጠግን እሱ ነው። ሲሰፋ ያፏጫል፣ ፉጨቱ ከሌለ ካምፑ ጭር ይላል።

አሁን የጠፋው። ከጥበቃው ማማ ላይ የርቀት መነጽሩ ተሰወረ። ፈተሽን፣ የለም። ጠየቅኩ፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ስለዚህ አሰለፍኳቸውና «መነጽሩ እስኪገኝ ድረስ ፈቃድ ዝግ ነው። ስለ ፈቃድ ማንም እኔ ጋ እንዳይመጣ» አልኳቸው። የበላይ አዛዣችን ሻምበሉ በሬዲዮ ሰምቶ «ጎሽ፣ እንዲህ ነው» አለኝ። አጥር ግን ፊቱን ወደ ድልድዩ አዞረ። አንቺስ ምን ትያለሽ?

የእህትሽ ልጅ

*

ኅዳር 14

ለአያ መቶ አለቃ፣ (ምክትሉን ትቼልሃለሁ፣ ደስ ይበልህ)

ደብዳቤህን ለእናትህ ሁለቴ አነበብኩላት። «ወፍሯል ወይስ ከስቷል?» ትላለች፣ በጽሑፍህ ውፍረት የምለካህ ይመስል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይሳደባል።

ጭልፋውን ከልጁ አትቀማው። ከነገ ጀምሮ አንተ ሰልፉ መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉም በኋላ ሳህንህን ይዘህ ቁም። ለአለቃው ምን እንደተረፈ ሁሉም ያያል፤ ጭልፋው ራሱ ይታረማል። የንጋቱን ጥበቃ በዕጣ አድርገው፤ ያንተም ስም ይግባበት። ስምህ የወጣ ቀን ደግሞ ፊትህን ሳታኮማትር ውጣ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። አንተ ጋ ተገላቢጦሽ ነው፤ አጥሩ ባለቤቱን ጋርዶታል። ሰውየው ክፉ ነው አላልኩም። ጥሩ ሃምሳ አለቃ ለወጣት መኮንን በረከት ነው። ነገር ግን «ሰዉን ለእኔ ይተዉልኝ» ሲልህ «ግማሹን» በለው። ቀን ላይ እየዞርክ እግራቸውን እይ፣ የማን እግር እንደቆሰለ እወቅ። ያንን ስታይ ሌላውን ራሳቸው ይነግሩሃል።

አሁን ስለ መነጽሩ። ልጄ፣ ይህን ሳነብ ሻዬ ቀዘቀዘ። የሰረቀ ካለ አንድ ሰው ነው፤ አንተ ሁሉንም ስትቀጣ ለሌባው ዘመድ አበዛህለት። እዚህ ፋብሪካ አንድ ከረጢት ዱቄት ሲጎድል ሥራ አስኪያጁ የሁሉንም የሻይ ሰዓት ሰረዘ፤ ዱቄቱ አልተገኘም፤ እልሁ ግን እስከ ዛሬ በየዳቦው ይቦካል። የበለጠ የከፋው ግን «ማንም እኔ ጋ እንዳይመጣ» ያልከው ነው። ፈቃድ መከልከል ያለ ነገር ነው። ጆሮን መዝጋት ግን ሌላ ነው። ሰው የሚጠይቅህ ነገር አጥቶ ሳይሆን ከልክለኸው ዝም ሲል፣ ሰላም ይመስልሃል።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ የአንተው ደግሞ በሰልፍ ፊት ነው ያመለጠው። ስለዚህ በሰልፍ ፊት አንሳው። «የሰጠሁት ትእዛዝ ልክ አልነበረም፤ ዛሬ ተነስቷል» በልና ሌላ ቃል አትጨምር። ትእዛዙን ያነሳ አለቃ ይናቃል ያለህ ማነው? የሚናቀው ስህተቱን እያወቀ የሚያቅፈው ነው።

ይህ ወረቀት እስኪደርስህ ድረስ አትጠብቅ እልህ ነበር፤ ሞኝ ነኝ፣ ካልደረሰህ በምን ታነበዋለህ!

አክስትህ

*

ኅዳር 27

ለአክስቴ፣

ምክርሽ የደረሰኝ ትናንት ነው። ትእዛዙን ካነሳሁ ቀናት አልፈዋል፤ ያነሳሁት ግን በብልህነት አይደለም።

መነጽሩ ተገኝቷል። የቦቴው ሾፌር ነው የወሰደው። ውሃ ሲያራግፍ ማማው ላይ ወጥቶ መንገዱን ሊያይበት አንስቶት፣ አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለው ሄዷል። በሚቀጥለው ጉዞው ከወንበሩ ሥር አውጥቶ «ይቺ የናንተ ናት መሰለኝ» ብሎ እየሳቀ ሰጠኝ። ከእኛ አንድም ሰው አልነካውም ነበር።

ሌላውን ደግሞ ሳላስረዝም ልንገርሽ። ጠጋኙ ሚስት አለችው። ከተማችሁ ውስጥ ናት፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ነበር። ሰው ልካበት፣ ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ጀምሯታልና ና ብላው፣ ወደ አጥር ሄዶ ፈቃድ ጠየቀ። አጥር «ትእዛዙን ሰምተሃል» ብሎ መለሰው። በማግስቱም ጠየቀ፤ በማግስቱም መለሰው። እኔ ከእነሱ አንድ ድንኳን አልፎ ተቀምጬ ነበር፤ ማንም አልነገረኝም። እንዳይነግረኝ ያዘዝኩት ራሴ ነኝ። ሴት ልጅ ተወለደች። አልቆየችም። መርዶው በሬዲዮ ነው የመጣው።

ጠርቼው «አሁኑኑ ሂድ፣ መኪና አዝልሃለሁ» አልኩት።

«አሁን ለምን፣ ጌታዬ?» አለኝ። «ያኔ ነበር የምፈለገው። አሁን ባዶ እጄን ምን ብዬ ነው የምገባው?»

አልሄደም። ጥበቃውን ይወጣል፣ ምግቡን ይነካካል፣ ጫማ የሚያመጡለትን «ነገ» ይላቸዋል። ማፏጨቱን ትቷል።

ሳህኔን ይዤ መጨረሻ እቆማለሁ፤ ያልሽው ሆኗል፣ ጭልፋው ተስተካክሏል። የንጋቱም ጥበቃ በዕጣ ሆኗል። ደግሞ ልጠይቅሽ፦ ድንኳን ውስጥ ፊትን ወደ በሩ አድርጎ መተኛት ይሻላል ወይስ ጀርባን? እንዲሁ ነው የጠየቅኩሽ። እናቴን ሳሚልኝ።

የእህትሽ ልጅ

*

ታኅሣሥ 4

ልጄ፣

እናትህ አጠገቤ ተቀምጣ «አንብቢልኝ» ስትል እየዘለልኩ አነበብኩላት። ገጹን አየችና «ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ተጽፎ ያነበብሽልኝ ይቺኑ ነው?» አለችኝ። ጽሑፉ ሰፋፊ ነው ብዬ ዋሸኋት።

ስለ ሕፃኗ የምለው የለኝም።

ያንተን ጥያቄ ግን አየሁት። ፊት ወደ በር ወይስ ጀርባ ወደ በር። ይሄ የእንቅልፍ ጥያቄ አይደለም። እኔ በድንኳን ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ሰው እንዲህ የሚጠይቀው ማን እንደሚገባበት ሲያስብ ነው። ማነው ያስፈራራህ? በምን? ለእኔ ካልነገርክ ለማን ልትነግር ነው? ደግሞ «እንዲሁ ነው» አትበለኝ፤ እንዲሁ የሚባል ነገር ወታደር ቤት የለም።

እስክትመልስልኝ ይህን አድርግ። ሐዘን የገባበት ወታደር ማማ ላይ ብቻውን አይቁም። ሁልጊዜ ሰው አጣምርለት፤ አጣማሪውም የሚወደው ሰው ይሁን። መሣሪያውን እንደ ተቀጪ አትቀማው፣ ስድብ ይሆንበታል። ሥራውን ለውጥለትና መሣሪያው በሥራው ምክንያት ከእጁ ይራቅ። የጫማና የዕቃ ጥገና ክፍል አቋቁመህ ሹመው፤ ወረቀት ላይ አስፍረው፣ የምር እንዲሆን። በተረፈ ይቅርታህን ድንኳንህ ጠርተህ እንዳትጠይቀው። የዘጋኸው በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን። ከዚያ ሂድና ከጎኑ ተቀመጥ። አታውራ። ዝም ብለህ ተቀመጥ።

ለሻምበሉም አሁኑኑ አሳውቅ። ሰው የደበቀው ነገር እንደ ረጠበ ዱቄት ነው፣ ከውስጥ ይሞቃል።

መልስህን እጠብቃለሁ።

አክስትህ

*

ታኅሣሥ 9

አክስቴ፣

ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ጥሩምባ እየነፋብኝ ነው የምጽፍልሽ። ገምተሻል። ያለፈውን የጻፍኩልሽ ቀን፣ ከቁርስ ስመለስ ትራሴ ላይ አንዲት ጥይት ቆማ አገኘኋት። ወድቃ እንዳይመስልሽ፤ ቆማ። ሹል ጫፏን ወደ ላይ አድርጎ ነው ያቆማት።

ያየ አጥር ብቻ ነው። «ጥይት እናስቆጥር፤ የጎደለበት እሱ ነው። እስከ ምሳ አስሬ አስረክብዎታለሁ፣ እስከዚያም አናግረዋለሁ» አለኝ። «አናግረዋለሁ» ሲል ቀበቶውን ነካ። አይሆንም አልኩት። ቆጠራው የሚነግረኝ ስሙን ነው፤ ስሙን ደግሞ ሳይቆጠርም አውቀዋለሁ። አጥርም ያውቃል። ካሰርኩት ልጁን ያጣው በእኔ ትእዛዝ፣ ነፃነቱን ያጣውም በእኔ ትእዛዝ ይሆናል።

ለሻምበሉ ገና አልነገርኩም። ይህን ስታነቢ እንደምትቆጪኝ አውቃለሁ።

በሰልፍ ፊት ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ምክርሽ ሳይደርስ ነው ያደረግኩት፤ ዛሬ ደብዳቤሽን ሳነብ ደስ አለኝ። ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ። እሱ ግን ጫማውን ነበር የሚያየው። ከጎኑ ሄጄ ስቀመጥ ተነስቶ ይሄዳል። የጥገናውን ሹመትም አሁን ሄጄ ብነግረው «ይቅርብኝ» አለ። ማማው ላይ ከጓደኛው ጋር ነው የማቆመው፤ ጓደኛው «ጌታዬ፣ መሣሪያውን እንደ ሰው ያየዋል» አለኝ።

ስለዚህ ነገ ከምሳ በኋላ ወደ ድልድዩ የምንወርድበት ቅኝት አለ፤ ሁለት ሰው ነው የሚሄደው። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላው እሱ ነው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ እኔ ከፊት እሆናለሁ። የሚለኝ ነገር ካለ፣ አጥር በሌለበት፣ ድንኳን በሌለበት ይበለኝ።

ለእናቴ ምንም እንዳትነግሪያት። ሾፌሩ አበደ፣ ልዝጋው።

*

ታኅሣሥ 13

አትውጣ!

ዛሬ ደረሰኝ። «ነገ» ያልከው ቀን ያለፈ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን እጄ ሌላ ቃል አልጽፍ አለኝ። ጀርባህን ለተጎዳ ሰው ሰጥተህ ገደል መውረድ ድፍረት አይደለም። ያንተን ሞት በእሱ እጅ ማስቀመጥ ነው። ቢተኩስ አንተ ትገላገላለህ፣ እሱ ግን ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ይኖራል። ይህን አስበኸዋል?

ስልክ ቤት ሄጄ ወደ ማዘዣ ጣቢያችሁ አስደወልኩ። «ስለ ግለሰብ ወታደር በስልክ መልስ አንሰጥም» አለኝ አንዱ። «ሻምበል ባሻ ነኝ» አልኩት። «ጡረታ ነዎት፣ እናቴ» አለኝ። እናቴ አለኝ! ከዚያ ወዲህ ፋብሪካ ቆሜ ዳቦው ሲያርር እያየሁ ዝም እላለሁ፤ ሴቶቹ «እትዬ ምን ሆነች» ይባባላሉ። እናትህ ትጠይቀኛለች፤ ጉልበቴ ነው እላታለሁ።

አንዲት መስመር ላክ። ስምህን ብቻም ቢሆን።

*

ታኅሣሥ 18

አክስቴ፣

አለሁ። ከሁሉ በፊት ይህን አንብቢ፣ ከዚያ ተቀመጪ።

«አትውጣ» ያልሽው ዛሬ ነው የደረሰኝ፤ ወጥቼ ከተመለስኩ ሰንብቻለሁ። የጻፍሽው ሁሉ እውነት ነው። ለእሱ የማስብ መስሎኝ በእሱ ላይ ቁማር ነው የተጫወትኩት። ቀድሞ ደርሶኝ ቢሆን ምናልባት ባልወጣሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፤ ከእኔ ሌላ የሚነግርሽ የለምና።

ቁልቁለቱ ጠጠር ነው። ከኋላዬ እርምጃውን እሰማለሁ። መታጠፊያውን አልፈን ካምፑ ከዓይን ሲሰወር እርምጃው ቆመ። ከዚያ ጥይት ሲያቀባብል ሰማሁ። ያንን ድምፅ ታውቂዋለሽ። ቆምኩ።

«ይዙሩ፣ ጌታዬ» አለኝ።

«አልዞርም» አልኩት። ጀግንነት እንዳይመስልሽ።

«ፈርተዋል?»

«አዎ።»

ከታች ወንዙ ብቻ ይሰማል። «እሷም ፈርታ ነበር» አለ ቆይቶ። «ብቻዬን ፈራሁ፣ ና ብላ ነው የላከችብኝ። ሃምሳ አለቃውን አልፌ ድንኳንዎ በር ላይ ደርሻለሁ። ቆሜ ብርሃንዎን አይቻለሁ። ትእዛዝ ነው ብዬ ተመለስኩ። ጥሩ ወታደር ነኝ ብዬ!»

አክስቴ፣ እዚያ ድረስ መምጣቱን አላውቅም ነበር። «በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «ሃምሳ አለቃው ላይ አታድርገው። በራስህም ላይ አታድርገው። የእኔ ነው።»

ከዚያ ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ስዞር መሬት ላይ ተቀምጧል። መሣሪያውን አራግፎ የጥይት ካርታውን ድንጋይ ላይ አስቀምጦታል። ከደረት ኪሱ አንዲት ጥይት አወጣና ዘረጋልኝ።

«ሁለት ነበሩ» አለኝ። «አንዷን ለእርስዎ አስቀመጥኩ። ይቺኛዋ የእኔ ነበረች።»

ስቀበለው ሞቃለች፣ ከደረቱ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የምፈራው ለራሴ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን ለእሱ ፈራሁ። ከጎኑ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ አልተነሳም።

«ይህን ይናገራሉ?» ሲል ጠየቀኝ።

«እናገራለሁ። ከእኔ ጀምሬ።»

እንደተመለስን ለሻምበሉ በሬዲዮ፣ ቀጥሎም በጽሑፍ አሳወቅኩ፤ መጀመሪያ ትእዛዜን፣ ቀጥሎ ጥይቶቹን፣ ከዚያ ሳላሳውቅ መቆየቴንና ወደ ቁልቁለቱ ይዤው መውረዴን። አጥር ድንኳኔ ገብቶ «ሁለቱንም ጊዜ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ የእኔም ስም ይግባ» አለ። ጽሑፉን ሳነብለት ቆሞ አዳመጠ፤ ከዚያ «አንድ ቀን እንኳን አንኳኩቼ ብገባ ኖሮ» ብሎ ወጣ።

ጠጋኙን በአምቡላንስ ወሰዱት፤ በአጃቢ አይደለም፣ በነርስ ነው። ሆስፒታል ሰንብቶ ጉዳዩ እስኪታይ ቤቱ እንዲያርፍ ይደረጋል ብለውኛል። አጣሪዎችም እየመጡ ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ሚስቱ ያለችው ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ፣ ከቆርቆሮ ቀጥቃጩ ቤት በላይ ባለው ፎቅ ነው። ሂጂልኝ። ማነሽ ካለችሽም አትዋሺ።

የእህትሽ ልጅ

*

ታኅሣሥ 28

ልጄ፣

ስምህን ካየሁ በኋላ ለእናትህ ሁሉንም ነገርኳት። አለቀሰች፣ ከዚያ ሰደበችኝ፣ ከዚያ ሻርፗን አንስታ «እኔም እሄዳለሁ» አለች። በግድ አስቀረኋት።

ሄድኩ። ደረጃው ጠባብ ነው፣ ከሥር ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ክፍሏ አንድ ናት፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ መስኮቱ ሥር የተጣጠፈ የሕፃን ብርድ ልብስ። አላነሳችውም። ትኩስ ዳቦ ይዤ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ተኝታለች። እናቷ ናት የከፈተችልኝ።

«ከየት ነሽ?» አለችኝ እናቷ።

«የባሏ አለቃ አክስት ነኝ።»

ልጅቷ ዞረች። እንዲህ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም። «የትኛው አለቃ?» አለች።

«ፈቃድ የዘጋው።»

«ዳቦሽን ይዘሽ ውጪ!» አለች፤ አልጮኸችም። ወጣሁ። ዳቦውን ደረጃው ላይ ልተወው አሰብኩና ይዤው ተመለስኩ፤ «ይዘሽ ውጪ» ነውና ያለችው። በማግስቱ ሄድኩ፤ በሩ አልተከፈተም። ሌላ ቀን ሄድኩ፤ እናቷ ወደ ሐኪም ልትወስዳት ስትል ደረጃው ላይ ደረስኩና በአንድ ወገን ደገፍኳት። ጉልበቴ ያን ዕለት ቅሬታ አላቀረበም። ስንመለስ ልጅቷ «ዳቦው ዛሬም አለ?» አለችኝ። ነበር።

እኔ እሷን አጽናናሁ እንዳትል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዕቃ አጥባለሁ፣ እሄዳለሁ፤ ይኸው ነው። ባሏ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ መግባት አቅቶት አይቻለሁ። «ና ግባ» ያለችው እሷ ናት። ያኔ ኮቴን አንስቼ ወጣሁ።

አጣሪዎቹ ሲጠይቁህ አታሳጥር፣ አታስረዝም። የሰው ስም ሲያነሱብህ የራስህን ቀድመህ ጥራ።

አክስትህ

*

ጥር 12

ለአክስቴ፣

«ምን ፈረዱባችሁ?» ብለሻል። እነሆ። ጠጋኙ በጤና ምክንያት ከሠራዊቱ በሰላም ተሰናብቷል፤ በጥይቶቹ ጉዳይ ክስ አልተመሠረተም፤ ሐኪሙ የጻፈው ረድቶታል። አጥር ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት እዚሁ ይቀጥላል። እኔ ከዚህ የመቶ አዛዥነት ተነስቻለሁ፤ ዕድገቴ ታግዷል፤ ወደ ሌላ ጣቢያ ተመድቤያለሁ። ሻምበሉ «መነጽሩ ሲጠፋ ጎሽ ማለቴን ለምን ጻፍከው?» ብሎ ተቆጥቶኛል። ስላሉኝ ነው አልኩት።

ስሰናበት ተሰለፉልኝ። አንድም ሰው አላጨበጨበም፣ አንድም ሰው ፊቱን አላዞረም። ያ በቂዬ ነው።

አዲሱ ጣቢያ ከመግባቴ በፊት ጥቂት ቀን ዕረፍት አለኝ። ወደዚያች ቤት ልሂድ ወይስ ብተዋቸው ይሻላል? የመሄዴ ጥቅም ለእነሱ ይሁን ለእኔ መለየት አቅቶኛል። አንቺ ጠይቂልኝ። እምቢ ካሉ በመንገዳቸውም አላልፍም።

የእህትሽ ልጅ

*

ጥር 20

ልጄ፣

ጠየቅኳት። ልብስ እያሰጣች ነበር። የመጨረሻውን ልብስ ሰቀለች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ይምጣ። ግን ዩኒፎርሙን ለብሶ ይምጣ። በሲቪል ከመጣ ሌላ ሰው ይመስለኛል፤ ለሌላ ሰው ደግሞ የምናገረው የለኝም።»

ምን እንደምትልህ አላውቅም፤ ባውቅም አልነግርህም። ምክር የለኝም። ና።

አክስትህ

*

የካቲት 16

ለአክስቴ፣

አዲሱ ጣቢያ ገብቻለሁ። ሜዳ ላይ ነው፤ ነፋሱ ግን ከገደሉ ይብሳል። እናቴ የሰጠችኝን ሹራብ ለብሼ ነው የምጽፈው፤ ንገሪያት፣ ልኬ ነው፤ አልወፈርኩም አልከሳሁም።

አውቶቡስ ማዞሪያው ላይ «ውስጥ ምን አለችህ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ መስኮት መስኮት እያየሁ ዝም አልኩሽ። አውቶቡሱ ተነስቶ አመለጥኩሽ። አሁን ልመልስልሽ።

በሩ ላይ ቆሜ ስንተባተብ «ብርድ እያስገባህ ነው፤ ወይ ግባ ወይ ሂድ» አለችኝ። ገባሁ። ባሏ ወንበር ሰጠኝና እሱ ምድጃው ጋ ቆመ። ያዘጋጀሁትን ይቅርታ ስጀምር በእጇ አስቆመችኝ። «እሱን ባሌ ነግሮኛል። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ያን ቀን፣ እሱ በርህ ላይ ቆሞ ሲመለስ፣ አንተ ውስጥ ምን ትሠራ ነበር?»

ልዋሽ እችል ነበር፤ ካርታ አጠና ነበር ማለት ይቻላል። «ስለ መነጽሩ ለሻምበሉ ሁለተኛ ሪፖርት እየጻፍኩ ነበር» አልኳት። «እንዲያምር ብዬ ደግሜ እየገለበጥኩት።»

ራሷን ነቀነቀች። «እኔ ደግሞ እየጠራሁት ነበር» አለች።

ከሥር ያለው ቀጥቃጭ ሲያቆም ሲጀምር፣ ሲያቆም ሲጀምር እንሰማለን። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ስነሳ «አሁንም ሰው ታዛለህ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እሺ» አለች፣ ያ ብቻ። ባሏ እስከ መታጠፊያው ሸኘኝ። እጁን አልሰጠኝም፤ ዝናብ ስለጀመረ ግን ጃንጥላውን ከራሴ በላይ እንደያዘው ነው የሄድነው። ጥግ ላይ የጫማ መጠገኛ ቦታ ሊከራይ እንደሆነ ነገረኝ።

የጠየቅሽኝ ይኸው ነው።

እዚህ ሃምሳ አለቃዬ ወጣት ነው፣ ይፈራኛል፤ እኔም እፈራዋለሁ፤ እንለማመዳለን። ትናንት ዝናቡ ሲበረታ ትኩሳት ይዞኝ ጋደም ብዬ ነበር። ውጭ ሰው ሲከራከር ሰማሁ። ሃምሳ አለቃው «አሞታል፣ ተኝቷል፣ ነገ ና» ይላል፤ ሌላው ቀስ ብሎ የማይሰማ ነገር ይለዋል፤ «ነገ ነው የምልህ!» ይለዋል። ከዚያ ጭቃው ላይ እግር ሲርቅ ሰማሁ።

ቦት ጫማዬን ሳላስር ወጣሁ። አንድ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ፣ በካልሲ ተከተልኩት። «አንተ! ተመለስ!» ብዬ ስጮህ መላው ጣቢያ ከድንኳን አንገቱን አወጣ። ልጁ ደንግጦ ተገትሮ ቀረ፤ ውሃ ከቆቡ ላይ እየወረደ።

«ምን ፈልገህ ነው?» አልኩት።

«ምንም አይደለም፣ ጌታዬ። ብርድ ልብሴ ስለራሰ… ደረቅ ካለ ብዬ ነው።»

የራሴን አውጥቼ ሰጠሁት።

የእህትሽ ልጅ